የክፍል ፕሬዘንቴሽን፦ የወሎ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልዲያ የግቢ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

"7 ደቂቃ አቅርቡ" ከተባልኩ ስንት ገጽ ልጻፍ?

በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ቃል ያህል ይናገራል። ስለዚህ 7 ደቂቃ ቢበዛ 980 ቃል ገደማ ነው፤ መስመሩ ጠበብ ተደርጎ ቢጻፍ ሁለት ገጽ ኤ4 አይሞላም። ስላይድ ለመቀየርም፣ ትንፋሽ ለመሰብሰብም ጊዜ ስለሚሄድ 700 ቃል ላይ ብታቆሙ ይሻላል። ብዙ ተማሪ 10 ገጽ ይዞ ይመጣና "ጊዜው አልበቃኝም" ይላል። ጊዜው በቂ ነበር፤ የበዛው ወረቀቱ ነው።

በአማርኛ ከሆነ ቃላቱ ረዘም ስለሚሉ የቃል ቁጥሩ ያንሳል። አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ የራሳችሁን ፍጥነት የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መምህሩ በምን ይመዝነኛል?

አብዛኛውን ጊዜ ይዘቱ፣ አደረጃጀቱ፣ አነጋገሩ፣ ቋንቋውና ሰዓት ማክበሩ ይታያሉ። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ማርክ ግን ከመምህር መምህር ይለያያል። በተወካያችሁ በኩል ወይም ራሳችሁ ከክፍል በኋላ "መምህር፣ ነጥቡ እንዴት ነው የሚከፋፈለው?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አስቦ እንደሚዘጋጅ ተማሪ ያስቆጥራል።

መምህሩ "የፈለጋችሁትን ርዕስ ያዙ" አለን። ምን ልምረጥ?

ጥያቄ ምረጡ። "የወሎው ንጉሥ ሚካኤል" የሚል ርዕስ ይዛችሁ ከልደት እስከ ሞት ልተርክ ካላችሁ፣ 7 ደቂቃው በዓመተ ምሕረት ብቻ ያልቃል፤ የሚሰማችሁም ሰው ምንም ሳይዝ ይወጣል። "ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ለምን ዘመቱ?" ካላችሁ ግን መሄጃው ራሱ ይከፈትላችኋል። መስከረም 17 ቀን ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። አባት ከወሎ ተነሥተው ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አደረጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ነገሩ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ንጉሡ ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ እያየ ያደገ የደሴ ልጅ የንጉሡን ስም ያውቃል፤ ያቺን አንድ ወር ቀን ከቀን አስከትሎ የሚነግረው ሲያገኝ ግን ጆሮውን ይሰጣል።

የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪም ያው ነው። "የውሃ ብክለት" ሴሚስተር ሙሉ የሚወስድ ኮርስ ነው። "ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን ሲያልፍ ምን ይጨመርበታል?" ግን 7 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ወደ አዋሽ ስለሚገባ ጉዳዩ ከእኛ በታች ያለውንም ሰው ይመለከታል። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ ድልድይ ላይ ቆማችሁ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ውሃው እንደደፈረሰ እንጂ እንደተበከለ አያረጋግጥም። የተለካ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ላይብረሪ ወይም ዲፓርትመንት ውስጥ ያሉትን የመመረቂያ ጽሑፎች አገላብጡ፤ ናሙናው መቼ፣ ከየት እንደተወሰደ ከቁጥሩ ጋር መዝግቡ።

ርዕሳችሁ ጠበበ ወይስ ገና ሰፊ ነው? መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር ለዶርም ጓደኛችሁ ንገሩት። ካልቻላችሁ ገና ሰፊ ነው።

ምን ብዬ ልጀምር?

"ጉድ ሞርኒንግ፣ ማይ ኔም ኢዝ..." ብሎ የሚጀምረው ሁሉም ነው። ስማችሁን ክፍሉ ያውቀዋል፤ ርዕሳችሁም ስላይዱ ላይ ተጽፏል። ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ ጨርሱና ሰሚው ከራሱ ኑሮ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ንገሩት።

ለምሳሌ የፊዚክስ ወይም የምግብ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለ አየር ግፊትና ስለ መፍላት የምታቀርብ ከሆነ እንዲህ ልትጀምር ትችላለች፦ "ደሴ ላይ ባቄላ ስትቀቅሉ ከኮምቦልቻ ይልቅ ለምን ይዘገይባችኋል? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ወደ 1,850 ሜትር የሚጠጋው ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ነው። ባህር ጠረፍ ላይ 100 ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ የዚህን ልዩነት ምክንያት ነው።" ጥያቄ አለ፣ የታወቀ ቦታ አለ፣ ቁጥር አለ፣ የሚጠበቀውም ተነግሯል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው።

"ብዙም አልተዘጋጀሁም፣ ይቅርታ" ብሎ መጀመር ይቅር። ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ያልታየውን ጉድለት ሰው እንዲፈልገው ያደርጋል።

ሸምድጄ ልቅረብ ወይስ ከወረቀት ላንብብ?

ሁለቱም አይደለም። የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ካመለጠው ተከታዩ ሁሉ ይጠፋበታል፤ የሚያነብ ሰው ደግሞ ግንባሩን እንጂ ፊቱን አያሳይም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ቃል በቃል ያዙ። መካከሉን በመዳፍ በምትያዝ ወረቀት ላይ በቁልፍ ቃላት አስፍሩት፦ "ኢያሱ፣ መስከረም 17"፣ "ቶራ መስክ"፣ "ሰገሌ፣ ጥቅምት 17"። ቀንና ቁጥር ሲሆን ከወረቀት ማየት ምንም ነውር የለውም።

ስንት ስላይድ ይበቃል? ምን ይጻፍበት?

ለ7 ደቂቃ ከ5 እስከ 7 ስላይድ ይበቃል። የፊደሉ መጠን ከ28 በታች ከሆነ ኋላ ወንበር ላይ ያለው አያየውም፤ በተለይ የክፍሉ መጋረጃ ተቀዶ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ። ሙሉ አንቀጽ አትለጥፉ። ሰው እያነበበ አይሰማም፤ እናንተም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አብራችሁ ማንበብ ትጀምራላችሁ።

ፓወር ፖይንት ላይ ሦስት ቁልፎች ቢታወቁ ይጠቅማሉ። ኤፍ 5 ከመጀመሪያው ስላይድ ያስጀምራል። ሺፍት ይዛችሁ ኤፍ 5 ብትጫኑ ካላችሁበት ስላይድ ይቀጥላል። ቢ የሚለው ፊደል ስክሪኑን ያጨልመዋል፤ ሰው እናንተን ብቻ እንዲያይ ስትፈልጉ ተጠቀሙበት፣ ደግማችሁ ስትጫኑት ይመለሳል። ላፕቶፑ ከኤልሲዲው ጋር ተገናኝቶ ምስሉ ካልወጣ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒ የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ጫኑና "ዱፕሊኬት" የሚለውን ምረጡ።

በእኔ ላፕቶፕ ላይ የነበረው አማርኛ እዚያ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ሆነብኝ። ለምን?

የተጠቀማችሁበት የፊደል ዓይነት ያኛው ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍም አስቀምጡ፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ሁለቱንም በፍላሽ ያዙ፣ ወደ ራሳችሁ ቴሌግራምም ላኩት። የጋራ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ፋይል ሲሰውር ብዙ ጊዜ ይታያል።

እንዴት ነው የምለማመደው? ዶርም ውስጥ ጮክ ማለት ያሳፍረኛል።

ከሁሉም ጥያቄ ይህን አጥብቃችሁ እንድትይዙት እፈልጋለሁ። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም። በልባችሁ ስታነቡ እያንዳንዱ ቃል ቀላል ነው፤ አፋችሁ ላይ ሲመጣ ግን "ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት" የሚለው ምላስ ያስራል። ምላስ የሚያስረውን ቃል ክፍል ፊት ቆማችሁ ሳይሆን ብቻችሁን ሆናችሁ ማወቅ አለባችሁ። ካስቸገረ በቀላል ቃል ለውጡት።

ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ብዙ መማሪያ ክፍሎች ባዶ ናቸው። የምታቀርቡበትን ክፍል ራሱን ካገኛችሁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የት እንደምትቆሙ፣ ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ድምፃችሁ ኋላ ድረስ መድረሱን ታያላችሁ። አንድ ጓደኛ ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡ። የሌላ ዲፓርትመንት ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱ ካልገባው አነጋገራችሁ ይስተካከል ማለት ነው።

አንዱን ልምምድ በስልክ ቅዱት። ድምፃችሁን መስማት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ግን ሌላ ሰው ይሉኝታ ይዞት የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። "ማለት ነው" የምትለዋ ቃል በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደምትመጣ ቁጠሩ። ያኔ በእሷ ፋንታ ዝም ማለትን ተለማመዱ። መንዙማ የሚመራ ሰው አንዱን ስንኝ ከጣለ በኋላ ተቀባዩ እስኪመልስ ይጠብቃል እንጂ ሌላውን አይደርብበትም። እናንተም ዋናውን አረፍተ ነገር ከተናገራችሁ በኋላ ሐሳቡ ሰሚው ውስጥ እስኪገባ ጥቂት ጠብቁ። ለእናንተ ረጅም የሚመስለው ዝምታ ለሰሚው ልክ ነው።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይስቁብኝ ይሆን?

በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተምሮ የመጣ ልጅ እንግሊዝኛ አፉ ላይ ቢከብደው የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በክፍሉ ያለው አብዛኛው ተማሪም ያንኑ መንገድ ነው የመጣው። አጭር አረፍተ ነገር ተጠቀሙ። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ግሥ፣ ነጥብ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ረጅም አረፍተ ነገር የራሳችሁ እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል።

በአነጋገር ላይ ቲ ኤች የሚለውን ድምፅ "ዝ" ብትሉት የሚሳሳት የለም። ሰሚን የሚያደናግረው ቃሉ የሚጠብቅበት ቦታ ሲቀየር ነው። "ዲቬሎፕመንት" ሲባል ክብደቱ "ቬ" ላይ ነው። ከርዕሳችሁ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡትን ዐሥር ያህል ቃላት ለይታችሁ፣ በስልክ መዝገበ ቃላት ድምፃቸውን ሰምታችሁ እነዚያን ብቻ አጥሩ።

ሲጠፋብኝ አማርኛ ብቀላቅል ችግር አለው?

በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ኮርስ ከሆነ መምህሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ማርክ ይቀንሳል። የአገር ስም፣ የቅኝት ስም፣ የባህል ዕቃ ስም ግን በአማርኛ መጥራት ግድ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በምንም ቋንቋ ያው ናቸው። በአንድ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር አስረድታችሁ ቀጥሉ።

ስቆም ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ያልበኛል። ምን ላድርግ?

ሰውነት ለሩጫ ሲዘጋጅ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፤ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ደቂቃ ካለፈ ይቀንሳል። ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች በደንብ ያዙ ያልኩት፤ በጣም የሚከብደውን ጊዜ ያሻግሯችኋል። ተራችሁ ከመድረሱ በፊት አየር በአፍንጫ አስገቡና ካስገባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ በአፍ አውጡ፣ ጥቂት ጊዜ ደጋግሙት። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ሰፊ ወረቀት አትያዙ፤ ወረቀቱ ይበልጥ ያሳብቃል። ጠንከር ያለች ትንሽ ካርድ ትሻላለች።

ጠዋት ሦስቱንም ሲኒ፣ አቦልንም ቶናንም በረካንም ጠጥቶ መግባት ልብ ለሚመታበት ሰው አይመከርም። ቡናው ከፕሬዘንቴሽኑ በኋላ ቢሆን ይጣፍጣል።

መምህሩን ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት አይሆንም?

ቤት ውስጥ ታላቅ ሲናገር አንገታችንን ደፍተን ነው ያደግነው፤ ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፣ ማንም እንድትጥሉት አይጠይቃችሁም። ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ ሥራችሁን ሊሰማ የተቀመጠ ሰው ነው። አንድ ሐሳብ ተናግራችሁ እስክትጨርሱ አንድ ተማሪን እዩ፣ ቀጣዩን ሐሳብ በሌላ ጎን ላለው ንገሩ። መምህሩንም በመካከል እንደማንኛውም ሰሚ ቃኘት አድርጉት። ዓይን ማየት በጣም ከከበዳችሁ ግንባር እዩ፤ ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም።

በረመዳን ወይም በሁዳዴ ቀኔ ከደረሰስ?

ወሎ ውስጥ አንዱ ሲጾም ሌላው ያውቅለታል፤ መምህሩም አይደነቅም። ከተቻለ የጠዋት ተራ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሰዓት በኋላ አፍ ይደርቃል፣ ድምፅም ይሰልላል። በሱሁር ሰዓት ውሃ በደንብ ጠጡ፤ ቀኑን ድምፃችሁን ለፕሬዘንቴሽኑ ቆጥቡት። ቀስ ብሎ መናገርም የደረቀ አፍን ያግዛል።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ካለ ስላይድ ማቅረብ የማትችሉት ፕሬዘንቴሽን ገና አላለቀም። ከስላይዶቹ ውስጥ የግድ መታየት ያለበት የቱ ነው? ብዙውን ጊዜ አንድ ሥዕል ወይም አንድ ሠንጠረዥ ነው። እሱን ሰሌዳ ላይ በአንድ ደቂቃ መሣልን ተለማመዱ። የመፍላቱ ምሳሌ ከሆነ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሥሩ፤ ከታች "0 ሜትር፣ 100 ዲግሪ"፣ ከፍ ብሎ "ኮምቦልቻ፣ 94"፣ ከላይ "ደሴ፣ 92" በሉ። በቃ። ጠመኔ ወይም ማርከር በኪሳችሁ ይኑር፤ የክፍሉ ማርከር የደረቀ ሊሆን ይችላል።

በግሩፕ ነው የምናቀርበው። አንዱ ልጅ ምንም አልሠራም፣ ምን እናድርግ?

ሥራውን መጀመሪያውኑ በስላይድ ሳይሆን በጥያቄ ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ይኑረው። ያልሠራውን ልጅ ከመምህሩ በፊት ራሱን ለብቻ አነጋግሩት። አንዳንዱ የጠፋው ስለሰነፈ ሳይሆን ፊት መቆም ፈርቶ ነው። እንዲህ ላለው መግቢያውን ስጡት፤ አጭር ነው፣ በቃል ይያዛል፣ ከጨረሰ በኋላም እፎይ ብሎ ይቀመጣል። ተነግሮትም ካልመጣ ከቀኑ በፊት ለመምህሩ ንገሩ። በፕሬዘንቴሽኑ መሃል፣ ሰው ፊት ማሳጣት ግን ለእሱም ለእናንተም አይበጅም።

ሌላው የግሩፕ ችግር ቅብብሎሹ ነው። "ቀጥሎ ጓደኛዬ ያቀርባል" ብሎ መቀመጥ ሐሳቡን ይበጥሰዋል። "ቶራ መስክ ላይ ድሉ የንጉሥ ሚካኤል ነበር፤ ሰገሌ ላይ ለምን ተገለበጠ? እሱን እሷ ትነግራችኋለች" ብትሉ ክሩ አይጠፋም። ሰቃዩ (ጎበዙ ልጅ) ብቻ ሁሉን ተናግሮ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ የሚቆምበት ግሩፕም መምህር ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ያልተናገረውን ለይቶ መጠየቅ የተለመደ ነው።

መሃል ላይ ጭልጥ ብሎ ቢጠፋብኝስ?

አሁን የተናገራችሁትን የመጨረሻ ሐሳብ በሌላ አባባል ድገሙት። ሰሚው ለማጠናከር የደገማችሁት ይመስለዋል፤ እናንተ ካርዳችሁን ለማየት ጊዜ ታገኛላችሁ። ያም ካልመጣ ወደሚቀጥለው ስላይድ እለፉ። የዘለላችሁትን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከእኔ በፊት ያቀረበው ተማሪ የእኔኑ ነገር ተናገረው። ምን ልበል?

ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑትና ከእሱ ቀጥሉ። "እሱ ጦርነቱ እንዴት እንደሆነ ነግሮናል፤ እኔ ምክንያቱ ላይ አተኩራለሁ" ብላችሁ የተደገመውን ክፍል በአንድ አረፍተ ነገር እለፉ። የተረፈውን ጊዜ ምሳሌያችሁን ለማብራራት ተጠቀሙበት። የሌላውን ንግግር መስማታችሁን ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ ይጠቅማችኋል።

በቻት ጂፒቲ አዘጋጅቼ ባቀርብ ይታወቅብኛል?

መምህራችሁ ከከለከለ ነገሩ ያለቀ ነው። ከፈቀደ ደግሞ ርዕስ ለማጥበብና ቋንቋ ለማስተካከል ያግዛል፤ ስለ ወሎ ታሪክና ቦታ ግን የሌለ ቀን፣ የሌለ መጽሐፍ በድፍረት ሊጽፍላችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ቀን፣ ስምና ቁጥር ከላይብረሪ መጽሐፍ ወይም ከጥናት ጽሑፍ ጋር ሳታመሳክሩ ስላይድ ላይ አታስገቡ።

የሚታወቅባችሁም በጥያቄው ሰዓት ነው። ራሳችሁ ያልፈተላችሁትን ሐሳብ "ለምን?" ተብላችሁ ስትጠየቁ መልስ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ስላይድ ከፍታችሁ "ለምን? ከየት አመጣኸው? ካልሆነስ?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ጓደኛ ይኑር። መመለስ ያልቻላችሁትን ስላይድ አውጡት።

መምህሩ የማላውቀውን ጥያቄ ቢጠይቀኝ?

መጀመሪያ ጥያቄውን በራሳችሁ አባባል ድገሙት፦ "የጠየቁኝ፣ ከወሎ መኳንንት ከንጉሡ ጋር እነማን ዘመቱ ነው?" ይህ በትክክል መስማታችሁን ያረጋግጣል፤ ለማሰብም ጥቂት ጊዜ ይሰጣችኋል። አንዳንዴም መምህሩ "አይ፣ የጠየቅኩህ ሌላ ነው" ይልና ቀላል ጥያቄ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ካላወቃችሁ የምታውቁትን ወሰን ለዩና ተናገሩ። "ባየሁት መጽሐፍ የዘመቻው ቀንና ውጤቱ አለ፤ እነማን እንደዘመቱ ግን አላጣራሁም። አጣርቼ ለመምህር አመጣለሁ።" ፈጥሮ ከመመለስ ይህ በእጅጉ ይከበራል። ከዚያ በእውነት አጣሩና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ፤ ማርክ ባይጨምርም መምህሩ ሥራችሁን ያስታውሰዋል። ጥያቄው ጠንከር ብሎ ለማጣጣል የመጣ ከመሰላችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ መልሱ። ከተማሪ የመጣ ከሆነ ደግሞ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንተ ያነበብከው ምን ይላል?" ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ይህን ግን እውነት መልሱን መስማት ስትፈልጉ ብቻ አድርጉት።